እስከ እሁድ ጠዋት

ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ከጉልበቷ ሥር ሲንቀጠቀጥ አፀደ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው። የሟች ስልክ ነው። ባሏ አሰግድ ሰኞ ዕለት ከሥራ ሲመለስ በሚኖሩበት በሰው አገር፣ ዚንድሊንገን የኤስባኑ ባቡር ጣቢያ ላይ ልቡን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሳም። ዛሬ ዓርብ ነው። ታናሽ ወንድሙ ገሰሰ ግን የአሰግድን መሞት አያውቅምና ይጽፍለታል።

እንዳያውቅ የተደረገው በምክር ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ማክሰኞ ዕለት ለቀስተኛውን ሁሉ አስጠንቅቀዋል፤ ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ እንዳይወጣ፣ አንድ «ነፍስ ይማር» እንዳይጻፍ። የአሰግድ እናት እማማ ሙሉ አዳማ ከገሰሰ ጋር ይኖራሉ፤ ደም ግፊት አለባቸው። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፣ በስልክ አይነገርም። እሁድ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቄስ ይዞ፣ በር አንኳኩቶ ይነግራቸዋል። ገሰሰ ካወቀ ፊቱ ያሳብቅበታል ተባለና ከእሱም እንዲደበቅ ተወሰነ። አፀደም ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀበለች። ምን ታድርግ፣ ሽማግሌ ያለውን ማን ይሽራል።

«ማን ነው?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ኣብርሀት፣ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው የሐዘን ብቻ አይደለም። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሃውስማይስተሩ፣ ስለ ጩኸት ሁለቴ በር አንኳኩቷል፤ በዚህ አገር ለቅሶም ሰዓት አለው።

አፀደ ስልኩን ይዛ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ገሰሰ አዳማ ዳር ባለ የሳሙና ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነው። «አሴ፣ አዲሱን የውሃ መለኪያ ቦይለሩ ላይ ገጠምኩት። ያንተዋ ሞደም አገኘችው። ታችኛውና ላይኛው ልክ ስንት ይሁን? ፋብሪካው ቆሟል፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው» ይላል የመጀመሪያው። ቀጥሎ «አሴ ምነው?» ይላል። ከዚያም «ተቀየምከኝ እንዴ?»

መለኪያን ከስልክ ጋር የምታነጋግረውን ይህችን ሞደም አፀደ ከማንም በላይ ታውቃታለች፤ ሦስት ክረምት ሙሉ የእራት ጠረጴዛዋን ቀምታታለች። አሰግድ የኬሚካል ፋብሪካዎች በሚገኙበት ፓርክ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነበር። የዛሬ ዘመን መለኪያ የራሱ አእምሮ አለው፤ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ሊነገረው ይገባል። የሚነገርበት የእጅ ዕቃ ግን ያገለገለ መኪና ዋጋ ያወጣል። እዚህ ቴክኒሻኑ ሁሉ ወገቡ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ገሰሰ ፋብሪካ አንድም የለም፣ በተበላሸ ቁጥር ከውጭ ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቃል። አሰግድ በዚህ ይበግን ነበር። ያገሬ ሰው ዕቃ እንጂ ጭንቅላት መች አጣ እያለ፣ ርካሽ ርካሽ ቁርጥራጭ እያዘዘ፣ እየበየደ፣ እያቃጠለ፣ የጠረጴዛ ልብስ ሁሉ እየበሳ፣ በመጨረሻ ከተራ ስልክ ጋር የምትሠራ፣ ሁለት መቆንጠጫ ያላት፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ሠራ። በሚሄድ ሰው ለገሰሰ ላከለት። ያን ቀን አፀደ ተመስገን ጠረጴዛዬን አገኘሁ ብላ ተሳልቃበታለች። አሁን ያ ሁሉ ቁርጥራጭ ተመልሶ ቢሞላው ደስታዋ ነበር።

ዝም ብትል ገሰሰ ሌላ ዘመድ ጋ መደወሉ አይቀርም። እውነቱን ብትነግረው የእማማ ሙሉ ነፍስ በእጇ ነው። የባሏን ማስታወሻ ደብተር ገለጠች። የመጨረሻው ገጽ ላይ «የገሰሰ ቦይለር» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ዕለት አስልቶ ጨርሶለታል። ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጣ በእሱ ስም ላከች።

መልሱ ቆይቶ መጣ። «አሴ ውሃውን በመስታወቱ በዓይንህ አየኸው ወይ ሳይለኝ አንድም ቀን ቁጥር ሰጥቶኝ አያውቅም። ማን ነህ?»

አፀደ አልጋው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። እውነቱን ነው። ውሃ ሳይኖረው የነደደ ቦይለር ይፈነዳል፤ የውሃው ከፍታ ደግሞ በጎኑ ባለው መስታወት ይታያል፤ ለአሰግድ መሣሪያ የሚታመነው ዓይን ሲመሰክርለት ብቻ ነበር። ገና ስልኩን ሲያነሳ «በመስታወቱ አየኸው?» ነው የሚለው። መጀመሪያ እማማ ደህና ናቸው ወይ በል እያለች ስንቴ ተቆጥታዋለች።

ስልኩ ጠራ። አንስታ ጆሮዋ ላይ ያዘችው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ከሳሎን የሴቶቹ የታፈነ እንጉርጉሮ ይሰማል። ገሰሰ አዳመጠ።

«አፀደ» አለ በመጨረሻ። «መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

ከበስተኋላው አንድ ሰው ቁጥሩ ተገኘ ወይ እያለ ይጠይቀዋል። የገሰሰ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማች፤ እሷም አፏን በነጠላዋ አፈነች። እሁድ ሊነገር እንደ ነበረ፣ ለእናቱ ሲባል እንደ ሆነ፣ ይቅር እንዲላት እየተርበተበተች ነገረችው። አልወቀሳትም።

«ቆይ» አለ፤ «መስታወቱን ልየው።»

በብረት መሰላል ላይ ሲወጣ፣ ቆይቶም ሲወርድ እርምጃው ተሰማት። ተመልሶ ቁጥሮቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፤ ከደብተሩ እያየች አረጋገጠችለት። ከዚያ፣ «እስከ እሁድ እኔም አላውቅም» አላትና ዘጋ። አፀደ ትራሱን ነክሳ አለቀሰች። ወንድሙ የሞተበትን ልጅ፣ ዓይኑን አድርቆ ከእናቱ ጋር እራት እንዲበላ ፈርዳበታለች። የባሰ አታምጣ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ጢም አለ። ከገሰሰ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ከሥሩ እናቱ አሰግድን ካላናገርኩ ብለው እንዳስጨነቁትና የተናገሩትን ቀድቶ ከመላክ ሌላ ማምለጫ እንዳጣ ጽፏል። አፀደ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለብቻዋ ልትሰማው ከፈተችው። አሰግድ ግን በማሽን ጩኸት መሐል የሚውል ሰው ስለ ነበር የስልኩን ድምፅ እስከ ጥግ ነው የሚከፍተው። የእማማ ሙሉ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«አሴ፣ ልጄ። ያቺ የላክህለት ዕቃ ሠራች፣ ፋብሪካው ተነሳ አለኝ ገሰሰ። ስምህን ሲጠራ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንዴት እንደሚወድህ። ድምፅህ ከጠፋብኝ ሳምንት ሊሆነው ነው፤ ደክሞህ ነው፣ አውቃለሁ። ተኛ፣ ዕረፍ። የእኔን ዕድሜ ለአንተ ያድርገው። አንተ ቅበረኝ፣ ልጄ። አፈር አንተ አልብሰኝ።»

ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኣብርሀት ስልኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ አፀደ አልሰጠቻትም። የእናት ምርቃት ተቀባይ አጥቶ ሊቀር ነው። ከፍራሹ ላይ ተነስታ ተንበረከከች፤ ሁለት መዳፎቿን ዘረጋችና በእሱ ፈንታ «አሜን» አለች።