ረቡዕ ዝም የሚለው ኬክ

አቶ ገብረዮሐንስ በዚህ ዓለም ላይ ከምላሳቸው በላይ የሚያምኑት ነገር አልነበራቸውም። ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ኬክ ቤታቸው፣ ባንኮኒውን ተደግፈው ከየትሪው አንድ ቁራጭ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ንብርብር ኬክ ይቀምሱና ፍርዳቸውን በሰማያዊ ደብተር ይጽፋሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው። ክሬም ከበዛ «ሰከረ»፣ ካነሰ «መነኮሰ» ይሉታል። ይግባኝ የለም።

ዘንድሮ ከኋላ ያለው መንገድ ሲሰፋ የቤቱ የጓሮ ክፍል ፈረሰ፤ ከሁለቱ ምድጃዎች የተረፈው አንዱ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ከሁለቱ ጋጋሪዎች፣ ከየማነና ከነሲባ፣ አንዱ ቅዳሜ ይሰናበታል አሉ አቶ ገብረዮሐንስ። ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ ደብተሩ ነሲባን ሲያወግዝ ከርሟል። ሦስት ልጆች የምታሳድገው ነሲባ ወሬውን ሰማች። ሊጡን ብቻ ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ዳመጠችው።

ጸሎት ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም። የአቶ ገብረዮሐንስ የእህት ልጅ ናት። በስታትስቲክስ ተመርቃ፣ «ሥራ እስካገኝ» ብላ የሒሳብ መቀበያው ወንበር ላይ ከተቀመጠች ሁለት ዓመት ሞላት። ሐሙስ ጠዋት ደብተሩን አገላበጠችው። በየማነ በኩል «ጥሩ»፣ «እጁ ይባረክ» ይላል። በነሲባ በኩል «ዝም አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ፈጽሞ ዝም አለ»።

ኬክ እንዴት ዝም ይላል? ቀኖቹን ስታይ ገባት። የማነ ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም የራሱን ክሬም መቅመስ አይችልም። ስለዚህ ንብርብር ኬኩን በእነዚያ ቀናት ሙስሊሟ ነሲባ፣ በቀሩት ቀናት እሱ እንዲጋግሩ ድሮውኑ ተስማምተዋል። ችግሩ፣ አጎቷም ይጾማሉ። ቅቤና እንቁላል አፋቸው ስለማይገባ ኬኩን በቢላዋ ሰብረው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከተንኮሻኮሸ አለፈ፤ ካልተንኮሻኮሸ ወደቀ። በራፉ ላይ ደግሞ ታክሲው ሁሉ ጥሩንባውን ስለሚነፋ ኬኩ ቢንኮሻኮሽም አይሰማም።

«ጋሼ፣ የነሲባን ኬክ ቀምሰው ያውቃሉ?»

«መቅመስ ለጀማሪ ነው» አሉ። «ሠላሳ ዓመት የሰማ ጆሮ አይሳሳትም።»

ጸሎት ትዕግሥት በነጻ ቢታደል እንኳ የምትሰለፍ ሴት አይደለችም። ወዲያው ከየማነ ትሪ ላይ ሁለት ቁራጭ ቆረጠች። አንዱን ሦስት ሰዓት ላይ ከማኪያቷቸው ጋር አቀረበችላቸው። «እጁ ይባረክ» ብለው ጻፉ። ሁለተኛውን ስድስት ሰዓት ላይ፣ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ስለ በሩ ቀለም ሲነዘንዛቸው ቆይቶ እንደወጣ ሰጠቻቸው። «ካርቶን» ብለው ጻፉ። ሁለቱም ከአንድ ትሪ የወጡ መሆናቸውን ስትነግራቸው ትሪውን ጠረጠሩ። ነገሩ ግን ክብራቸውን ነክቶት ኖሮ፣ ምላሳቸው እንደማይሳሳት ቅዳሜ በምስክር ፊት እንደሚያሳዩዋት ዛቱ።

ምስክር ሆነው የመጡት የፊት ለፊቱ ወርቅ ቤት ባለቤት፣ አቶ ሲራጅ ናቸው። ሁለቱም ጋጋሪዎች ጋገሩ። ነሲባና የማነ ስድስት ሳህን ላይ ቁጥር ጻፉና የማን የማን እንደሆነ በወረቀት ይዘው ጓዳ ቀሩ። ከስድስቱ ሁለቱ ከአንድ ትሪ የተቆረጡ መንታዎች ነበሩ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ጸሎትም አታውቅም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፦ ሁሉም ቁርሱን በልቶ ይመጣል፣ ሦስቱም ዳኞች፣ ሁለቱ ሰዎችና እሷ፣ ለየብቻ ከአሥር ነጥብ ይጽፋሉ፣ ጽፎ ሳይጨርስ የሚያወራ የለም፣ ፊት መተያየት ክልክል ነው። የከበደው የመጨረሻው ነበር። አቶ ሲራጅ በሃያ ዓመት ደንበኝነታቸው የአቶ ገብረዮሐንስን ቅንድብ ሳያዩ ኬክ አሞግሰው አያውቁም። ጸሎት ወንበራቸውን አዞረችው፤ ሁለት የተከበሩ ሰዎች እንዳጠፋ ተማሪ ወደ ግድግዳ ዞረው ኬካቸውን በሉ።

ውጤቱን የማነ አነበበ። የነሲባ አማካይ ከሱ በግማሽ ነጥብ ይበልጣል። ቀጥሎ ወደ መንታዎቹ መጣ። አቶ ገብረዮሐንስ ለአንዱ ሰባት፣ ለሌላው አምስት ሰጥተዋል። አቶ ሲራጅ ስምንትና ሰባት። ጸሎት ዘጠኝና አራት።

አቶ ሲራጅ ከግድግዳው ቀስ ብለው ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ የተመረቀችው ባለ ዘጠኟ ጸሎት ናት ወይስ ባለ አራቷ?»

ጸሎት ትሪውን ልትጠረጥር አፏን ከከፈተች በኋላ ይህን ሰበብ ከማን እንደሰማችው ትዝ አላትና ዘጋችው። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ በሁለቱ ጋጋሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ነጥብ ሆኖ የዳኞቹ ምላስ እስከ አምስት ነጥብ የሚዋልል ከሆነ፣ በዚህ ሚዛን የማንም እንጀራ አይቆረጥም አለች። የየማነም ቢሆን።

«ታዲያ በምን ልወስን?» አሉ አቶ ገብረዮሐንስ። በዚያ ባንኮኒ ላይ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰው ሲሰማቸው የመጀመሪያው ነበር።

ነሲባ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ምድጃው ከስምንት ሰዓት በኋላ በርዶ እንደሚያድር ተናገረች። አንዱ ጠዋት ቢጋግር ሌላው ከሰዓት በኋላ ለማታው ገበያ መጋገር ይችላል። የማነ እሱም ይህንኑ ሲያስብ እንደከረመ ጨመረ።

«እና እስከ ዛሬ አፋችሁን ምን ዘጋው?»

«ማን ጠየቀን፣ ጋሼ?» አለች ነሲባ። «እርስዎ የሚያዳምጡት ኬኩን ነበር።»

ቅዳሜ የተባረረ ሰው አልነበረም። የጠዋቱና የከሰዓቱ ተራ በየሳምንቱ በዕጣ እንዲሆን ተስማሙ። በመጀመሪያው ዕጣ የረቡዕ ጠዋት ለየማነ ደረሰው፤ ነሲባ ክሬሙን ልትቀምስለት ተራዋ ሳይደርስ ማልዳ መጣች። አቶ ገብረዮሐንስ ዕጣው የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ እንደ ልማዳቸው አንድ ቁራጭ ጎትተው በቢላዋ ሰበሩ፤ ጆሯቸውንም አስጠጉ።

«የነሲባ ነው» አሉ። «ዝም ብሏል።»

የማነ እስከ ክርኑ ዱቄት እንደለበሰ ከጓዳ ብቅ አለ። ጸሎት ደብተሩን ገልጣ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወደሳቸው ገፋችው።

አቶ ገብረዮሐንስ የማነን አዩ፤ ደብተሩን አዩ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጡና በራፍ ወጥተው ታክሲዎቹን ይራገሙ ጀመር።