የጎሚስታው ቤት የሥልጣን ክፍፍል

የታሪክ አስተማሪውን ተማሪዎቹ «አዋጅ» ነው የሚሉት፤ ሲያስተምር ድምፁ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ያን ሳምንት የሕገ መንግሥት ምዕራፍ ላይ ደርሶ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቃላት ሞላው፦ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ፣ ይግባኝ፣ ምልዓተ ጉባኤ፣ ድምፀ ተአቅቦ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን «ገልብጡ፣ ሸምድዱ» ብሎ ይገላገል ነበር። አዋጅ ግን ሽምደዳ ሲባል ደሙ ይፈላል።

«እኔ በቀቀን አላስተምርም!» አለና ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «እነዚህን ቃላት ይዛችሁ ቤታችሁ ግቡ። ቤታችሁ ውስጥ ሕግ የሚያወጣው ማነው? የሚያስፈጽመውስ? ስትጣሉ የሚፈርደውስ? ካርቶን ላይ ሣሉና ሰኞ ይዛችሁልኝ ኑ።»

የጎሚስታው ልጅ ይሄን የቤት ሥራ ስትሰማ በሆዷ ሳቀች። ምን ማሰብ ያስፈልገዋል? አባቷ ቀኑን ሙሉ የሰው ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ይውላል፣ ማታ ይገባል፣ ይናገራል፣ አለቀ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርቶኗን ዘረጋችና ሦስት ሣጥን ሠራች። ሕግ አውጪ፦ አባዬ። ሕግ አስፈጻሚ፦ አባዬ። ሕግ ተርጓሚ፦ አሁንም አባዬ። ከሥር «ሕዝብ» ብላ ረጅም ሣጥን ሠራችና እማዬ፣ ወንድሜ፣ እኔ፣ ድመቷ ብላ ጻፈች። ድመቷን ስትጨምር በራሷ ቀልድ ከት ብላ ሳቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ አያርፍም፤ አባቷም «ጠበቃዬ» እያለ ነው ያሳደጋት።

የዚያኑ ዕለት ራት ላይ ግን ሳቁ ከየት ይምጣ!

«ሰኞ እናትሽ ትምህርት ቤት ሄዳ መልቀቂያሽን ታወጣለች» አለ አባቷ፣ አፉ ውስጥ ያለውን እንኳ ሳይውጥ። «አጎትሽ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሊከፍት ነው። ባንኮኒው ጋ የሚታመን ሰው ቸግሮታል። አንቺን ሰጥቼዋለሁ።»

ሰጥቼዋለሁ! ስሙልኝማ! ይሄ ሰውዬ ክሪኩን ለጎረቤት ሲያውስ እንኳ «ዛሬውኑ መልስልኝ» ሳይል አይሰጥም። ልጁን ግን በአንድ አፍ ሰጣት፤ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም የለ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ የለ።

ልጅቷ ክው ብላ ቀረች። ቀጥሎ እሳት ለበሰች።

«አልሄድም፣ አባዬ።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም አልኩ! ማን ጠየቀኝ? እማዬንስ ጠይቀሃታል? የሚታመን ሰው ከፈለጉ ሶፋው ይሂድላቸው!»

ሶፋው የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው። የማጠቃለያ ፈተናውን ደጋግሞ ከወደቀ ወዲህ ከሳሎኑ ሶፋ ጋር አንድ አካል ሆኗል።

«እኔ ፈተና አለብኝ» አለ ሶፋው፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ።

«ፈተናውማ አንተን ለምዶሃል!»

«ዝም በይ!» አለ አባቷ። «እሱ ወንድ ነው፣ ዕድሉን ይሞክር። አንቺ ማንበብና መጻፍ ችለሻል፣ ምን ቀረሽ?»

«ይግባኝ እላለሁ።»

አባቷ ሳቁ አመለጠው። «ጠበቃዬ ተነሳች! እሺ፣ በይ። ለማን ነው ይግባኝ የምትይው?»

ለማን? እውነትም ለማን? የሚሰማት ሌላ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ ወይም እንደሌለ ነበር የምታስበው። ንዴት ሲይዝ ደግሞ ማሰብ የለም። ተፈናጥራ ተነሳችና ካርቶኑን ከመኝታ ክፍሏ አምጥታ አባቷ ፊት ደቀነችው።

«ይኸው እይ! ይሄ ቤት አገር ቢሆን ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

እንዲያፍር ብላ ነበር። አባቷ ግን እጁን ጠራረገና ካርቶኑን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «ሕግ አውጪ፣ አባዬ። ሕግ አስፈጻሚ፣ አባዬ። ሕግ ተርጓሚ…» ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ደስታ ፊቱ ላይ ካየች ስንት ጊዜዋ! «እንዴ! ማነው ይሄን ያስተማረሽ? ጎበዝ አስተማሪ ነው! ታዲያ ራስሽ ጽፈሽው ምን ያጨቃጭቅሻል? ሰኞ መልቀቂያ፣ ማክሰኞ ሱቅ። ተፈረደ፣ አበቃ።» ካርቶኑንም እንደ ሠርግ ፎቶ ቁም ሣጥኑ ላይ አስደግፎ አቆመው።

በገዛ እጇ! ሌላ ሰው ቢያስራት ባልከፋት። ሁለት ቀለም ተጠቅማ፣ በማስመሪያ አስምራ፣ ራሷ ነች የጻፈችለት። ካርቶኑን ከነቁም ሣጥኑ ብታነደው በወደደች።

ይሄን ጊዜ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ውስጥ ነገር ሲጦፍ ፔዳሉን ማፍጠን ልማዷ ነው። ባሏ በጮኸ ቁጥር መኪናው ከእሱ በልጦ ይጮኻል፣ እሷም አልሰማሁም ብላ ታልፋለች። ስንት ዓመት እንዲህ አለፈ። መኪናው ሲቆም ሶፋው እንኳ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«አምጪው እስቲ ያንን ካርቶን።»

ልጅቷ አመጣችላት። እናትየዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እኔ የት ነኝ?»

«እ… ከታች ነሽ፣ እማዬ። ሕዝብ።»

«ከማን ጋር?»

«ከ… ከሁላችንም ጋር።»

«ከድመቷ ጋር!» አለች እናትየዋ። «ለመሆኑ ከድመቷ በላይ ነኝ ወይስ ከድመቷ በታች?»

ሶፋው ፈገግ አለ። እናቱ አንዴ ዞር ብላ አየችው፤ ፈገግታውን መልሶ ዋጠው።

«ቀልድ ነው እኮ፣ እማዬ…»

«አውቃለሁ ቀልድ መሆኑን! ቀልዱ ነው ያቃጠለኝ! ሕግ አስፈጻሚ አባዬ? አባዬ ምን አስፈጽሞ ያውቃል? ‘አጥሩ ይታጠር’ ይላል፤ ቆርቆሮውን ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ‘እናቴ እዚህ መጥታ ትታከም’ ይላል፤ እስክትሞት ድረስ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። ‘ልጆቹ ይማሩ’ ይላል፤ ማልጄ ተሰልፌ ያስመዘገብኩት፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩት፣ ዩኒፎርማችሁን እየሰፋሁ ያለበስኳችሁ እኔ ነኝ። እሱማ አንዴ ይናገርና ይተኛል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጆቹ ፊት…»

«ልጆቹ ፊት ነው እንጂ! ልጅህ አይደለች እንዴ ከድመት ጋር የደረበችኝ!»

ልጅቷ እናቷ ታቅፈኛለች፣ ጎኔ ትቆማለች ብላ ጠብቃ ነበር። ምን ታቅፋታለች! ዓይኗን እንኳ አላየቻትም። ትልቁን የጨርቅ መቀስ አነሳችና፣ ልክ እጅጌ እንደምትቆርጥ፣ «እማዬ» የሚለውን ከካርቶኑ ላይ ዙሪያውን ቆርጣ አወጣችው። ቁራጩን ቁርጥራጭ ጨርቆቹ መሃል ጣለችና ካርቶኑን ከነቀዳዳው ለልጇ መለሰችላት።

«የት እንደምጻፍ እስክታውቂ ድረስ እዚህ ላይ የለሁም» አለቻት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተም ስማኝ። ሕጉን አውጥተሃል። ፍርዱንም ፈርደሃል። እኔ ግን አላስፈጽምም።»

«አላስፈጽምም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሰኞ እግሬ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም ማለት ነው! ልጄን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በእጄ ይዤ ያስገባሁ ሰው፣ በእጄ ይዤ አላስወጣትም።»

ጎሚስታው ዓይኑ ደም ለበሰ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታው፤ ሳህኖቹ ዘለሉ። «እኔው ራሴ እሄዳለሁ! መልቀቂያ ማውጣት ያቅተኛል?»

«ሂዳ! ማን ያዘህ?» አለችና ፔዳሉን ረገጠችው። ከዚያ በኋላ እሱ የጮኸውን ማንም አልሰማም።

እሑድ ቤቱ በኩርፊያ ዋለ። ልጅቷ ማለዳ ተነስታ የእናቷን ትከሻ ልታቅፍ ብትሞክር «ሂጂ ወዲያ፣ ክር ታበላሺብኛለሽ» ተባለች። ይገባታል! አባቷ ላይ የተናደደችው ንዴት ሳይበርድላት፣ አሁን ደግሞ ራሷ ላይ ዞረባት። ያን ሁሉ ዓመት ለብሳ የሄደችውን ዩኒፎርም የሰፋችው ማን ሆነችና ነው ሕዝብ ብላ፣ ከድመት ጎን ጽፋት የሳቀችው?

ሰኞ ጠዋት አዋጅ ካርቶኖቹን እየተቀበለ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የእሷ ጋ ሲደርስ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ።

«ይሄስ ምንድነው? አይጥ በላው?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ሕግ አስፈጻሚዋ ናት፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ። «ተሳስቼ ከሕዝብ ጋር ጻፍኳት። ሥራ አቁማለች።»

አዋጅ ካርቶኑን ሰቀለና «ሥራ ስታቆም ምን ሆነ?» ሊል ገና አፉን ሲከፍት፣ ከውጭ የሰው ድምፅ ገባ። ክፍላቸው ከግቢው በር አጠገብ ስለሆነ በመስኮቱ ሁሉም ነገር ይሰማል።

«ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ናት?» ይላል ዘበኛው።

«እ… ስምንተኛ።»

«እዚህ ስምንተኛ የለም፣ ጋሼ። ከዘጠነኛ ነው የሚጀምረው።»

«እንግዲያው ዘጠነኛ ናታ!»

«ዘጠነኛ ምን? ከሀ እስከ መ አለ።»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ልጄ ናት፣ ረጅም ናት፣ አፏ አያርፍም፣ እንዴት አታውቃትም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «የማን አባት ነው?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ዴስኩን እየደበደበ።

የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። እነሱ ላይ ተናደደች፤ በአባቷ ነው የሚስቁት። አባቷም ላይ ተናደደች፤ መሳቂያ ያደረጋት እሱ ነው። አንገቷን ደፍታ ብትቀመጥ ማንም አያውቅባትም ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ሲፈጥራት አልሰጣትም።

«ቲቸር፣ የኔ አባት ነው» አለች ተነስታ። «ልውጣ?»

ሳቁ ተቆረጠ። አዋጅ በእጁ አሳለፋት።

አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ቱታውን አውልቆ ኮቱን ለብሷል። እጁን በሳሙና አጥብቆ አሽቶታል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀም። ያን እጅ ስታይ ልታዝንለት ቃጣትና ደግሞ «ሰጥቼዋለሁ» ያላት ትዝ አላት። እሱ እሷን ሲያይ ፊቱ ፈካ፤ ልታግዘው የመጣች መስሎታል!

«ይኸውልህ መጣች!» አለው ለዘበኛው። «ነይ እስቲ ንገሪልኝ። ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

አልመለሰችለትም።

«አንቺን እኮ ነው! ቢሮ ገብቼ መልቀቂያ እንዳልጠይቅ ይሄ ሰውዬ ክፍሏን ካልነገርከኝ አላስገባህም ብሎ አቆመኝ። ንገሪው!»

ስድስት ወይም ሰባት ተማሪ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቷል። አባቷ አያቸውና ደም ሥሩ ተገታተረ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ዛሬ አንድ ነገር ብጠይቅሽ አፍሽ ተለጎመ?»

«አስተማርከኝ?» አለችው። «እስከ ስንተኛ ክፍል?»

ዘበኛው እንዳልሰማ ሆኖ ወደ መንገዱ ዞረ። መስኮቱ ላይ ያሉትም ልጆች አልሳቁም። አባቷ ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታ፣ ለእሷ ሳይሆን ለዘበኛው «ሌላ ቀን እመጣለሁ» አለ።

«አጣርተው ይምጡ፣ ጋሼ» አለ ዘበኛው፣ ክፋት ሳይኖረው።

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አዋጅ ምንም አልጠየቃትም፤ ድምፀ ተአቅቦ የሚለውን ቃል ማብራራቱን ቀጠለ።

ማክሰኞ የአጎቷ ባንኮኒ ጋ የተቀመጠው ሶፋው ነው፤ እየተራገመ ሄደ። በቤት ውስጥ ስለ መልቀቂያ የተነሳ ነገር የለም፤ ይቅርታም የለም። እናቷ መኪናዋን ትረግጣለች፣ ካርቶኑም ክፍል ግድግዳ ላይ ከነቀዳዳው ተሰቅሏል። አባቷ ማታ ማታ እየገባ ራቱን ይበላል፣ ቀና ብሎም ያያታል፣ አንድ ነገር ሊጠይቃት ይቃጣውና መልሶ ይተወዋል። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች እስከ ዛሬ አልጠየቃትም። እሷም ካልጠየቃት አትነግረውም።