ወደ ቀኝ የወፈረው ወንበር

ጎረቤቴ አናጺው ግራ ዳሌውን ካመመው ወዲህ የሚመቸው ወንበር ጠፍቶ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። ልጁ ይህን ማየት አልቻለችም። እሷ የቤት ዕቃ የምትነድፈው በኮምፒውተር፣ የምትቆርጠው በማሽን ነው፤ ቅዳሜ እኔም እሱ ቤት ሳለሁ አንድ ወንበር ይዛለት መጣች። እግሮቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተከፋፍለዋል፤ የቀኞቹ ወፍራም፣ የግራዎቹ ቀጫጭን ናቸው።

አናጺው ዙሪያውን አየና፣ "ዕድሜ ልኬን ቀጥ ያለ ወንበር ሠርቼ ይሄን ጠማማ ቤቴ ላስገባ?" አለ።

"አባዬ፣ ዛፍ ሸክም በበዛበት በኩል ይወፍር የለ? ስትቀመጥ ወደ ቀኝ እንደምታጋድል ለኮምፒውተሩ ነገርኩት፤ እሱም እንጨቱን በዚያ በኩል አወፈረው።"

"ማነው የሚያጋድለው?"

"ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ የኔ ጌታ፤ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ" አልኩት።

ገላመጠኝና ተቀመጠ። ልጅቷ ልትደግፈው እጆቿን ዘርግታ ቆመች። እሱ ግን ተደላደለ፤ ግንባሩም ፈታ አለ። ከዚያ የክንዱን መደገፊያ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ "ማሽንሽ ጠርዙን በደንብ አላለሰለሰውም፤ ብርጭቆ ወረቀት አምጪልኝ" አላት።

"እሺ፣ ተነሳልኝና እኔ ላለስልስልህ።"

"አልነሳም! እዚሁ እንደተቀመጥኩ አለሰልሰዋለሁ።"