ዴቪድ ኤች.

ታደገ የገንዳ ውሃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ቆላው በልቶታል፤ ወባ በየዓመቱ ትጥለዋለች። ሚስቱ ዓለምፀሐይ ልጆቹን ይዛ ጎንደር ሆና ዝውውሩን ትጠብቃለች፤ ዝውውሩ ደግሞ ማስተርሱን ይጠብቃል። ማስተርሱስ? እሱ ደግሞ አንድ ፈረንጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታደገ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ስለሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ ስለ ሳሉጎች ነው። ክረምት ላይ ጎንደር በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ ውስጥ ለሥራው ልክክ ያለ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ምዕራፍ አገኘ። ዳታቤዙ ከግቢው ውጭ አይከፈትም፤ ማተሚያውም ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ እጁ እስኪዝል በብዕር ገለበጠው። የምዕራፉን ርዕስ፣ መጽሐፉን፣ አርታኢዎቹን፣ ገጹን አንድም አላስቀረ። ጸሐፊውን ግን እንዳገሩ ሰው ጻፈው፦ ዴቪድ ኤች.። ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ለአባት አንድ ፊደል መች አነሰው! ፈረንጅ በዋቢ ላይ በቤተሰብ ስም እንደሚጠራ ክፍል ውስጥ ተምሯል። ጆሮው ሰምቶ ነበር፣ እጁ ግን አልሰማም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አማካሪው ዶክተር ይርዳው ደወሉ።

«ታደገ፣ ይሄ ዴቪድ የቤተሰብ ስም የለውም? ግማሹ ጽሑፍህ እሱ ላይ ነው የቆመው።»

«እባክዎ ዶክተር፣ እርስዎ ከፍተው ቢያዩልኝ...»

«የሁላችሁን ዋቢ እኔ ልፈልግ? ራስህ ገብተህ እይ። የዲፌንስ አቅራቢዎችን ስም ዝርዝር ዛሬ ነው የምልከው፤ ማምሻውን እደውላለሁ።»

ገብተህ እይ! በየት በኩል? የጎንደር መንገድ ከሰሞኑ ግርግር ወዲህ ተዘግቷል፤ መናኸሪያው የፍየል መዋያ ሆኗል። ገንዳ ውሃ ላይ ኢንተርኔትም ተቋርጦ የተረፈው ስልክ ብቻ ነው። አብረውት የተማሩት በየወረዳቸው ተበትነዋል። የቀረችው ዓለምፀሐይ ናት፤ ደውሎ ላካት።

ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው በር ደወለች።

«ጥበቃው ያለ መታወቂያ አትገቢም አለኝ።»

«ተማሪው ባሌ ነው በይው።»

«ብየዋለሁ። እንግዲያ ባልሽ ይምጣ ይላል።»

ታደገ የተማሪነት መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ አየው። እዚህ ምን ይሠራል? መጣል አማረው።

«ቆይ አንድ ተማሪ ልለምን» አለችና ርዕሱን በፊደል እያስቆጠረች ጻፈች። ተማሪዋ ገብታ ወዲያው ተመለሰች። መብራት ጠፍቷል፤ ኮምፒዩተር የሚባል አይሠራም።

«ለመሆኑ ሰውየው የማን ልጅ ነው?» አለች ዓለምፀሐይ፣ ተናዳ።

«እሱን እኮ ነው ያላወቅሁት!»

«አንዱን በለዋ! በኤች የሚጀምር ስም ጠፍቶ ነው? ማን ያየዋል?»

ታደገ ስንቱን ተማሪ በኩረጃ ዜሮ ሰጥቷል። ቢሆንም ተቀምጦ ሞከረ። ሂል፣ ሃሪስ፣ ሆልት... ሁሉም ያምራሉ፣ ሁሉም የሰው አባት ናቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የዴቪድ አባት ግን ታደገ እጅ ወድቀው ኤች ሆነው ቀሩ።

ማምሻውን ዶክተሩ ደወሉ።

«እሺ፣ ዴቪድ ማን ሆነ?»

ሂል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች።

«አላውቅም፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ «እንግዲህ ለከርሞ» ብለው ዘጉት።

ስልኩ ወዲያው እንደገና ጮኸ። ዓለምፀሐይ ናት። ታደገ ጥሪው እስኪያልቅ ስሟን እያየ ተቀመጠ።