የሃምሳ ሁለት ደቂቃ ዝምታ

የብረት በሩን ለሦስተኛ ጊዜ ስታንኳኳ በግራ እጇ የያዘችው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ገልበጥ አድርጋ አየችው። ቁጥር 611 ግራጫ ሆኗል። ሰባት ሰዓት ከሃያ።

"ይኸው ጀመረ" አለች ለራሷ።

ከበሩ ጀርባ ግን የፓምፑ ሞተር ያለ አንዳች ችግር ያጓራል። ዝም ያለው ሞተሩ አይደለም፤ ሞተሩ ላይ የተገጠመው ሳጥን ነው።

እንዲህ ያለ ሳጥን በየከተማውና በየገጠሩ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ፓምፖች ላይ ተገጥሟል። እያንዳንዱ ምን ያህል ውሃ እንደወጣ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ በየደቂቃው ይናገራል። እሷና ባልደረቦቿ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብለው ሁሉንም በአንድ የኮምፒውተር ፕላትፎርም ላይ ያያሉ፣ ያዛሉ፣ ያድሳሉ። እያንዳንዱ ሳጥን በገጹ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ የሚናገረው አረንጓዴ፣ ዝም ያለው ግራጫ። 611 በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለሃምሳ ሁለት ደቂቃ ግራጫ ይሆናል። ሃምሳ አንድም ሃምሳ ሦስትም ሆኖ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ "ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል ነው" እያሉ ይስቃሉ። እሷ ግን ከሰሞኑ መሳቅ አቅቷት ነበር። ብልሽት እንዲህ ሰዓት አያከብርም።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ አዲሱ ማሻሻያ ወደ ሳጥኖቹ ሁሉ ይላካል። ማሻሻያው የሚሠራበትን ደንብ የጻፈችው እሷ ነች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ዝም ያለ ሳጥን "ብልሹ" ተብሎ ይመዘገባል፤ ፓምፑ ይቆለፋል፤ ዝርዝሩ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ጽሕፈት ቤቱ የፓምፑን ጠባቂ ያሰናብትና ሌላ ሰው ይተካል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምር ነበር። ዛሬ ጠዋት "611ን ማን ነው የሚጠብቀው?" ብላ ስትጠይቅ ግን ከቢሮው ሰው ሁሉ አንድ የሚያውቅ ጠፋ። ቦርሳዋን አንስታ በሚኒባስ መጣች።

በሩ ተከፈተ። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

"ውሃ ተቋረጠ እንዴ?"

"የለም አባባ፣ ውሃው ደህና ነው። ከሳጥኑ ድርጅት ነው የመጣሁት።"

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። ወደ ውስጥ ዘወር ብለው ተጣሩ።

"አንቺ! መጡ!"

"እነማን?" አለ ከወዲያ ክፍል አንድ ቀጭን ድምፅ።

"የሳጥኑ ሰዎች! አንድ ናት ግን።"

"አንድ ከሆነችማ ግቢ በላታ።"

የፓምፑ ክፍል ወለል ተወልውሎ ያበራል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። የሳጥኑ ስፒና ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የተጠነቀቁለት ይመስላል። በቦታው የተሰካው ነጭ ገመድ መሬት ለመሬት ሄዶ የጎን በሩን አልፎ ወደ መኖሪያ ክፍላቸው ይገባል። ገመዱን በዓይኗ ተከትላ ገባች።

የሽማግሌው ባለቤት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አፍንጫቸው ላይ ስስ ቱቦ አለ፤ ቱቦው እግራቸው ሥር ካለች፣ ትንሽ ሻንጣ ከምታክል የኦክስጅን ማሽን ይመጣል።

"ቁጭ በይ ልጄ። አልነሳልሽም፣ እንደምታዪው ታስሬያለሁ" አሉ ፈገግ ብለው።

ተቀመጠች።

"የዚህ ክፍል መብራት አይሠራም?"

"ጠዋትና ማታ ደህና ነው" አሉ ሽማግሌው። "ቀን ቀን ብየዳ ቤቶቹ ሲጀምሩ ይደክማል። ማሽኗ ደግሞ ቀብራራ ናት፤ በደከመ መብራት አትነሳም። የፓምፑ መስመር ግን የራሱ ነው፤ ጠንካራ ነው።"

"ታዲያ አንድ ማከፋፈያ ገዝተው ሁለቱንም አይሰኩም ነበር?"

ሽማግሌው ስርቆት የተጋበዙ ይመስል ትክ ብለው አዩአት። መነጽራቸውን አደረጉ፤ "ነይ" ብለው ወደ ሳጥኑ ወሰዷት፤ በጎኑ በተለጠፈው ስቲከር ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡላት።

"'ከዚህ መሣሪያ ጋር ሌላ ማንኛውንም ነገር መሰካት በጥብቅ የተከለከለ ነው።' ይሄውልሽ! አብረን ሰክተን አናውቅም። አንድ ቀን እንኳ! ተራ በተራ ነው።"

ዓረፍተ ነገሩን ታውቀዋለች። የእሷ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም "ማኑዋል" እያሉ የሚጠሯት ለሁሉ ነገር መመሪያ ስለምትጽፍ ነው፤ ይህችን መስመር ያመጣቻት ደግሞ ሰባት ዓመት ከተማረችበት ሩቅ አገር፣ ከአንድ ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ግድግዳው ሁሉ ሶኬት ነበር። አንዱ ቢከለከል ከጎኑ ሌላ አለ። ስትመለስ ብዙ ነገር ይዛ እንደመጣች ታስብ ነበር፤ ከሻንጣዋ የትኛው ለማን እንደሚሆን ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

ከሥር ሌላ መስመር አለ፦ "ከአንድ ሰዓት በላይ ማቋረጥ ያስጠይቃል።" አዲሱ ደንቧ ግን የሚፈቅደው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ወደ መኖሪያ ክፍሉ ተመለሰች።

"እማማ፣ ሐኪሙ ለስንት ደቂቃ ነው ያዘዘልዎ?"

"ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት።"

"እርስዎ ግን ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ላይ ይነቅሉታል።"

ባልና ሚስት ተያዩ። የተደበቀ ነገር የተገኘባቸው ልጆች መሰሉ።

"ስምንቷ ደቂቃ ለሳጥኑ ናት" አሉ ባለቤታቸው። "ሰዓታችን ወደ ኋላ ቢቀርስ ብለን ነው። የሰው ዕቃ አደራ ተሰጥቶን እንዳናስቀይም።"

ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ለምን አልደወሉልንም?" አለች።

"ደውዬ ነበር እንጂ!" አሉ ሽማግሌው። "አንዲት ሴትዮ ታነሳለች። ለብልሽት አንድን ይጫኑ ትላለች። የኔ ነገር ብልሽት አይደለም። ለመረጃ ሁለትን ይጫኑ ትላለች። መረጃስ እኔ ጋ ነው ያለው። 'እመቤቴ፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ' እላታለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሦስትን ይጫኑ!"

"አመስግኗት ነው የሚዘጋው እኮ" አሉ ባለቤታቸው። ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸው።

ሽማግሌው ከመደርደሪያ ላይ አንድ ደብተር አውርደው ሰጧት። በየቀኑ ሳጥኑ የጠፋበትና የበራበት ሰዓት ተጽፏል፤ ከየመስመሩ ጫፍ ፊርማ አለ። አሥራ አራት ወር ሙሉ።

"ይህ ለማን ነው?"

"የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ላሳየው ብዬ።"

ስልኳ ጠራ። የቡድን መሪው ነው። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ አምስት።

"ማኑዋል፣ 611 አሁንም ግራጫ ነው። አምስት ደቂቃ ነው የቀረን። ምን አገኘሽ?"

"ብልሽት የለም። በሶኬቱ ኦክስጅን እየተጠቀሙበት ነው።"

"ምን?"

"ኦክስጅን። የጠባቂው ባለቤት ታመዋል። ሶኬቱ አንድ ነው።"

የቡድን መሪው ክፉ ሰው አይደለም።

"እሺ፣ እንዲህ አድርጊ። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ሳጥኑን ስኪው። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ መልሺላቸው። ነገ ማከፋፈያ ይገዛላቸዋል፤ አለቀ።"

የስልኩ ድምፅ ትንሹን ክፍል ሞልቶት ነበር። ሽማግሌው ቃሉ ሳያልቅ ተነሥተው ወደ ሶኬቱ አመሩ። ባለቤታቸው ቱቦውን ከአፍንጫቸው ማላቀቅ ጀመሩ።

"አምስት ደቂቃ ምን አላት" አሉ። "እንኳን አምስት..."

የቀረውን ለማውጣት ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸው ላይ፣ ስትገባ ያላየችው፣ ስስ ሰማያዊ ጥላ አየች።

"ይቆዩ አባባ። እማማ፣ ይመልሱት፣ በሞቴ።" ከዚያም ወደ ስልኩ፦ "አሁን ከግማሽ ሰዓት በላይ ዝም ያለ ስንት አለ?"

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። "አርባ አንድ። ከ611 ጋር።"

"የሌሎቹ አርባው ጠባቂዎች እነማን ናቸው?"

"እኔ ምን አውቄ! አርባውም ኦክስጅን ላይ ናቸው ልትዪኝ ነው?"

"አላውቅም። አንተም አታውቅም። ሁሉም ሳጥን ላይ ግን የኔ ስቲከር አለ።"

"አንቺ ሴት፣ ማሻሻያው ተራው ደርሷል እኮ። አንዱ ቤት ገብተሽ ስላየሽ..."

"አንዱን ስላየሁ ነው።"

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ፕላትፎርሙን ከፈተች። ማሻሻያውን የማቆም ሥልጣን ያላቸው እሷና የቡድን መሪው ብቻ ናቸው። ቀዩን ቁልፍ ስትነካ ገጹ ምክንያት ጠየቃት፤ ምርጫ ዘረዘረላት፦ የኔትወርክ ችግር፣ የመብራት መቋረጥ፣ የተጠቃሚ ስህተት። ዝርዝሩንም ያዘጋጀችው ራሷ ነበረች። አንዱም አልሆናትም። ከሁሉ በታች ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጻፈች፦ "ስቲከሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው። አርባ አንዱም ሳይጠየቁ አንድም ፓምፕ አይቆለፍ።" ጣቷ ትንሽ አመነታ። ተጫነች።

"ምን አደረግሽ?" አለ የቡድን መሪው።

"አቆምኩት።"

"ለአለቆቹ ምን ብዬ ልመልስ?"

"ጽፌዋለሁ፤ አንብብላቸው።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። አንብቦ ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

"ሴትዮዋ ደህና ናቸው?"

"እየተነፈሱ ነው።"

"እንግዲህ ቶሎ ነይ። አርባ ስልክ አለብን።"

"ሃያ ሃያ እንካፈላለን።"

ስምንት ሰዓት ሆነ። ምንም አልተፈጠረም። ሞተሩ ያጓራል፤ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ይሄዳል። ሽማግሌው ከአልጋው ፊት ለፊት ባለው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

"ያባርሩሻል?"

"እንጃ አባባ።"

"ካባረሩሽ እዚህ ነይ። ሞተር ግራሶ መቀባት ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ምን ተምረሽ መጣሽ ታዲያ?"

"አንተ ሰውዬ! እንግዳ እንዲህ ይባላል?" አሉ ባለቤታቸው። ሦስቱም ሳቁ። በዚህ መሐል ሽማግሌው ዓይናቸውን ከግድግዳ ሰዓቱ አልነቀሉም ነበር። ስምንት ከአሥራ ሁለት ሲል ማንም ምንም ሳይናገር ባለቤታቸው እጃቸውን ወደ ቱቦው ሰደዱ፤ እሳቸው ደግሞ ተነሥተው ከምስማሩ ላይ ስፒናውን አውርደው ከጨርቁ መፍታት ጀመሩ። የአሥራ አራት ወር ልማድ ነው፤ እጃቸው ራሱ ያውቀዋል።

ተከትላቸው ሄዳ ስፒናውን ከእጃቸው ተቀበለች።

"ስምንት ደቂቃ ይቀራል" አለች።

"እሷማ ለሳጥኑ..."

"ሳጥኑ ይጠብቃል።"

ጨርቁን እንደነበረ ጠቀለለችና መልሳ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ባለቤታቸው በተከፈተው በር በኩል አዩአት። እጃቸው ቀስ ብሎ ከቱቦው ወርዶ ጭናቸው ላይ አረፈ።

ስልኳ ላይ 611 ሃምሳ ሦስተኛ ደቂቃውን ያዘ፤ ግራጫ እንደሆነ። ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከሽማግሌው እስክሪብቶ ተዋሰች፤ ደብተሩን ከፍታ የዛሬውን ቀን ጻፈች፤ ሳጥኑ የሚበራበትን ሰዓት ለመሙላት አጠገባቸው ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።