የደመና ቀራጮች

መሪጌታ ቸኮልና ጸሐፊ ሰይፈሥላሴ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ በቅሎ ጭነው ከሆሳዕና ይወጣሉ። የሚሸጡት የላቸው፣ የሚገዙት የላቸው፤ ሰማይ ለማየት ነው። ደመናው ከየት ተነሣ፣ ነፋሱ ወዴት ዞረ እያሉ እስከ ሙዱላ ይዘልቃሉ። ያዩትን ሰይፈሥላሴ በደብተር ያሰፍራል። የከተማው ሰው "የደመና ቀራጮች" እያለ ይስቅባቸዋል።

በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. ግን መሪጌታው አዲስ ልማድ አመጡ።

"በል ልፈትንህ" ይላሉ ጠዋት ጠዋት። "ሰማዩ እንዴት ነው?"

"በስተምዕራብ ደመናው እንደ ተባዘተ ጥጥ ሳስቷል፤ ሌላው ጥርት ያለ ነው፣ የኔታ።"

"አበጀህ! ልክ ነህ።"

በመጀመሪያው ቀን ሰይፈሥላሴ ደስ አለው። በሁለተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ እርካቡን በእግራቸው ሲዳስሱ አየ። በሦስተኛው ቀን ጎንበስ ብለው ውሃ ሲጠጡ ዓይናቸውን በቅርብ ተመለከተ፤ ሁለቱንም ነጭ ሞራ ጋርዷቸዋል። እንዳላየ ሆኖ ወደ በቅሎው ዞረ። ሰማይ አዋቂነታቸው ከሄደ ለእኚህ ሰው ምን ይቀራቸዋል?

ከአንጋጫ ወዲያ፣ በየዓመቱ የሚያሳድራቸው ባፈና የሚባል የከምባታ ገበሬ እማሳው ዳር ጠበቃቸው። ጤፉ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል።

"መሪጌታ፣ እግዜር አመጣዎት! ጤፉ ገና እርጥብ ነው። ዛሬውኑ ጎረቤት ጠርቼ ልከምረው ወይስ ይድረቅልኝ? የዓመት ጉሮሯችን ይኸው ነው፤ የእናንተም እራት ከዚሁ ነው" ብሎ ሳቀ።

መሪጌታው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቀኑ። ሰይፈሥላሴ ከሀምበሪቾ ተራራ ጀርባ ጥቁር ደመና አንገቱን ብቅ ሲያደርግ አየ። "ልፈትንህ" እስኪሉት ጠበቀ። በገበሬው ፊት ግን አልጠየቁትም።

"ይድረቅ። ሦስት ቀን ጠብ አይልም" አሉ።

ሰይፈሥላሴ አፉን ከፈተ። መምህሩን በሰው ፊት ማሳፈር ከበደው። ደመናውም ወደ ሌላ ይዞር ይሆናል ብሎ ራሱን አታለለና አፉን መልሶ ዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ከነበረዶው ወረደ። ባፈናና ሚስቱ ነዶውን ሊያፍሱ ሮጡ፤ ሰይፈሥላሴም ጋቢውን ጥሎ ተከተላቸው። ጎርፉ ግን ቀደማቸው። ዝናቡ ሲያባራ የሚከመር ነገር አልተረፈም፤ ፍሬው ከጭቃው ጋር ተለውሷል።

ባፈና ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ወደ ሰይፈሥላሴ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሳቸውን አልወቅስም፤ የመሰላቸውን ነገሩኝ። እርስዎ ግን፣ ጌታዬ፣ ተራራውን ሲያዩ አይቼዎታለሁ።"

በማግስቱ ማለዳ ወጡ። ብዙ ከሄዱ በኋላ መሪጌታው "ሰማዩ እንዴት ነው?" አሉ። "ልፈትንህ" አላሉም።

"ጠርቷል፣ የኔታ።"

"ትናንትስ፣ ባፈና ሲጠይቀኝ?"

ሰይፈሥላሴ ልጓሙን ጨበጠ። "በሀምበሪቾ በኩል ጠቁሮ ነበር።"

"አየኸው?"

"አየሁት።"



"እኔስ ዓይኔ ጠፍቶ ነው" አሉ መሪጌታው። "አንተ ምን ሆነህ ነው?"

መሪጌታው በቅሎዋን አቆሙና ልጓሟን ወደ እሱ ዘረጉለት።

"ወደ ባፈና መልሰኝ። የእኔን እኔ እነግረዋለሁ፤ የአንተን አንተ ትነግረዋለህ።"

ሰይፈሥላሴ ልጓሙን ተቀብሎ በመጡበት መንገድ መለሳቸው።