የኮከቡ ዕጣ

በእኛ መንደር ገና እንዳለፈ አራት ልጆች ሰብአ ሰገልን መስለው፣ ለድሆች ምጽዋት እየለመኑ በየቤቱ ይዘምራሉ። ሦስቱ ነገሥታት ናቸው፤ አራተኛው በረጅም እንጨት ጫፍ የተሰካውን ኮከብ ይይዛል። ኮከቡን የማይመኝ ልጅ ስለሌለ ነገሩ በዕጣ ነው። ከነገሥታቱ አንዱ ደግሞ ጥቁር ነው፤ እሱ የደረሰው ልጅ ፊቱን ቀለም ይቀባል። የጀርመን አገር የባቫሪያ ሰዎች ነን፤ አባቶቻችን ያደረጉትን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ አኮፋ ዕድሜዋ ደረሰ። እናቷ፣ ምራቴ፣ የቶጎ ሰው ናት። ልጅቱ ከመስከረም ጀምራ "አያቴ፣ ኮከቡ ቢደርሰኝስ?" እያለች የመጥረጊያ እንጨት ተሸክማ ግቢውን ስትዞር ከረመች።

የዕጣው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይዣት ሄድኩ። ልጆቹን የምታለማምደው ሂልትሩድ ገና ስታያት አጨበጨበች።

"እሰይ! ዘንድሮስ ከቀለም ተገላገልን! አንቺ ዕጣ ምን ያደርግልሻል የኔ ቆንጆ? ጥቁሩ ንጉሥ አንቺ ነሽ!" ብላ የጥቁሩን ንጉሥ ዕጣ ከዕጣው ሣጥን አነሳችላት።

ልጅቱ ኩም አለች። እኔ ደሜ ፈላ።

"ሂልትሩድ፣ እንደ ሌሎቹ ዕጣ ታውጣ።"

"ኧረ ዋልቡርጋ፣ ምን ያንጨረጭርሻል? ንጉሥ ነሽ አልኳት እንጂ ሌባ ነሽ አላልኳት! ክብር እኮ ነው!"

"ክብር ከሆነ ለሁሉም ይድረስ። ያነሳሽውን ዕጣ መልሺ!"

እያጉረመረመች ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው።

አኮፋ እጇን ከትታ አንድ ዕጣ አወጣች። ኮከቡ! ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጥቁሩ ንጉሥ የወጣው ለኮርቢኒያን፣ ለራሷ ለሂልትሩድ የልጅ ልጅ ነበር። ልጁ ለቅሶውን ለቀቀው።

"አልፈልግም! ትምህርት ቤት አኮፋን የሚሏትን እኔንም ይሉኛል!"

"ምንድን ነው የሚሏት?" አለች ሂልትሩድ።

ኮርቢኒያን አቀረቀረ። ሌሎቹም ልጆች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አኮፋ ቀረብ ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

"አይዞህ" አለችው፤ "ያንተ ይታጠባል።"

ሂልትሩድ ቀይ ሆነች። አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ የቀለሙን ቆርቆሮ አንስታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው፤ ዘውዱንም በኮርቢኒያን ራስ ላይ አደረገችለት።

"በገዛ ፊትህ ትሄዳለህ" አለችው፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

እኔስ ብሆን ምን አውቄ! ልጅቱ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኳት።

"ምን ይሉሻል፣ የኔ እናት?"

ኮከቡን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው።

"ዛሬ ተይው፣ አያቴ" አለች። "ዛሬ ኮከቡ ደርሶኛል።"